ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆኑ በፊት መካኒክ ነበር

የካዛንቺስ ልጅ (ክሩን የከፈተ) · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ከረማችሁ?

ይህን ክር የከፈትኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ወሬው አንድ ነው፤ አብራሪ መሆን። ለበረራ ተወዳድሮ አልተሳካለትም። የደረሰው የአውሮፕላን ጥገና ነው። «ጋሼ፣ እኔ ማብረር ነው የምፈልገው፤ ብሎን ማጥበቅ አይደለም» አለኝና ገብቶ ተኛ። እናቱ «እህል አልቀምስ አለኝ» ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መምከር አልፈለግኩም። የአንድ ሰው ታሪክ አጫወትኩት፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን። ግማሽ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው። የጎደለውን እናንተ ሙሉልኝ።

ሮቢንሰንን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጦርነቱ ጊዜ ነው። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ከአሜሪካ መጥቶ አየር ኃይላችንን ያዘዘ ጥቁር አሜሪካዊ። «ቡናማው ኮንዶር» የሚባለው። እኔን ግን የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። እዚያ እስኪደርስ የሄደበት መንገድ።

የተወለደው ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ እሱንና እህቱን ይዛ ሚሲሲፒ ውስጥ ወዳለችው ጋልፍፖርት ሄደች። እዚያ አገባች። የእንጀራ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ልጁም በእሱ እጅ አደገ። ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ሚሲሲፒ በላይ ለጥቁር ልጅ የከበደ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ መቀመጫው ለብቻ፣ የሚጠጣበት ውኃ እንኳ ለብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ጋልፍፖርት የባሕር ዳርቻ ላይ አውሮፕላን መጣ። የራይት ወንድማማቾች መጀመሪያ ከበረሩ ገና 7 ዓመት ቢሆን ነው። ትንሹ ጆን ቆሞ አየው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር አልተመኘም ይባላል።

አሁን የእህቴ ልጅ እንቅልፍ የወሰደው ቦታ ላይ ደረስን። ይህ ልጅ አድጎ ወዴት ሄደ? የበረራ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ማንም አይቀበለውም ነበር። የሄደው አላባማ፣ ተስኪጊ ነው። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1881 የመሠረተው የጥቁሮች ተቋም። እዚያ የመኪና መካኒክነት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ። መጀመሪያ ዲትሮይት፣ ኋላም ቺካጎ ገብቶ በመካኒክነት ሠራ። የሰው መኪና እየጠገነ አውሮፕላን ያስብ ነበር።

ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። አመለከተ። አልተቀበሉትም። ደግሞ አመለከተ፤ አሁንም አልተቀበሉትም። ስለዚህ በጽዳት ሠራተኛነት ገባ። ሌሎቹ ሲማሩ እሱ መጥረጊያውን ይዞ ከኋላ ይቆማል። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሳይጠፋ ይገለብጣል። ተማሪዎች የጣሉትን ወረቀት ይሰበስባል።

እሱ ያንን ሁሉ ለብቻው አላስቀረውም። ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር የጥናት ቡድን አቋቋመ። የሰማውን ይነግራቸዋል። አብረው አንድ ተገጣጣሚ ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ፤ የሞተር ሳይክል ሞተር ገጠሙለት። መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተ። ሮቢንሰንና ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ።

እስቲ ቀጥሉ። በተለይ የአየር ኃይል ሰዎች ካላችሁ።


አቢቲ_77 · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:41

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ይሄ ሰው የንጉሡን አውሮፕላን የከሰከሰው ነው አይደል? የኢትዮጵያ አየር መንገድንም የመሠረተው እሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።


መዝገብ ቤት · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:05

አቢቲ፣ ሁለቱም ስህተት ነው። ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ላስተካክለው።

አውሮፕላን የከሰከሰው ሂዩበርት ጁልያን ነው። የትሪኒዳድ ተወላጅ ነው። «የሃርለም ጥቁር ንስር» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930፣ ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጃንሆይን ትንሽ አውሮፕላን ከሰከሰ። በዚያም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1935 ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ከሮቢንሰን ጋር ግን ከመጀመሪያው አልተስማሙም። ሁለቱን ማምታታት ሮቢንሰንን መበደል ነው። የጁልያን ነገር እኮ ሮቢንሰን ሲመጣ ዕዳ ሆኖ ጠብቆታል። «ከአሜሪካ የሚመጣ ጥቁር አብራሪ» ሲባል ሰው የሚያስታውሰው የተከሰከሰውን አውሮፕላን ነበር።

አየር መንገዱ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የሮቢንሰን ድርሻ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራና ጥገና አሠለጠነ። ይህ በራሱ ትልቅ ነው። ያልሠራውን ልንጨምርለት አያስፈልገንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አየር ኃይል ከሮቢንሰን በፊትም ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1930 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ባቢቼፍ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አዲስ አበባ የተወለደ ነው።


ሕይወት ከቺካጎ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:30

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ቺካጎ ነው፤ ነርስ ነኝ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኔ በጣም ቅርብ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሮቢንሰንና ኮፊ ከተመረቁ በኋላ ያው አንቀበልም ያላቸው ትምህርት ቤት ለጥቁሮች ክፍል ከፈተ። አስተማሪዎቹ እነሱ ራሳቸው ሆኑ። ከተማሪዎቹ አንዷ ጃኔት ሃርመን ትባላለች። በኋላ ጃኔት ብራግ። ነርስ ነበረች! ቀን ሆስፒታል እየሠራች ማታ ሞተር ፈታታ ትገጥም ነበር። ቡድኑ አውሮፕላን ስላልነበረው በ600 ዶላር አውሮፕላን የገዛችላቸውም እሷ ናት። በዚያን ጊዜ 600 ዶላር ለነርስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ማረፊያ ሜዳም አልነበራቸውም። የነጮቹ ሜዳዎች አያሳርፏቸውም። ሮቢንስ የምትባል የጥቁሮች ከተማ ከቺካጎ በስተደቡብ አለች። ዛሬም አለች፣ እሁድ ዕለት መኪና ነድቼ አይቻታለሁ። እዚያ ድንጋይ ለቅመው፣ ዛፍ ነቅለው ሜዳ ደለደሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 ማዕበል መጣና ማቆያውንም አውሮፕላኖቹንም አወደመባቸው። ከዚያ ሃርለም ወደሚባል ሜዳ ሄደው እንደገና ጀመሩ።

ጃኔት እ.ኤ.አ. በ1943 ተስኪጊ ሄዳ የንግድ በረራ ፈቃድ ፈተና ወሰደች። ጥሩ በረረች። ፈታኙ ግን ለጥቁር ሴት ፈቃድ አልሰጥም አላት። ኢሊኖይ ተመልሳ እንደገና ተፈትና አለፈች። ሮቢንሰን ራሱን ብቻ አላበረረም የምለው ለዚህ ነው።

በኋላ ዘመን ደግሞ ጃኔት እዚህ ቺካጎ ለትምህርት የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ልጆችን እንደ እናት ትንከባከብ ነበር። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ለአገሬ ልጆች ምግብ አብስላለች። ይህን ያወቅኩ ቀን አልቅሻለሁ።


ፍትሕ ይቅደም · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ታሪኩን አከብራለሁ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህ የመጥረጊያ ነገር ሲነገር ሁልጊዜ ልቤ ይቆጣል። ለልጆች «እሱ ወለል ጠርጎ ደረሰ፣ አንተም ታገሥ» ብለን እናስተምራለን። የተደረገበትን ግፍ ወደ መልካም ምሳሌ እንቀይረዋለን።

የታሪኩን ሌላ ግማሽም ተናገሩ እንጂ። ሮቢንሰንና ኮፊ በደብዳቤ አመልክተው ተቀባይነት አግኝተው ነበር። ገንዘባቸውንም ከፍለዋል። በር ላይ ሲደርሱ፣ መልካቸው ሲታይ ነው «አይሆንም» የተባሉት። ያስገባቸው ትዕግሥት ብቻ አይደለም። የሚሠሩበት የመኪና መሸጫ ባለቤት፣ ነጭ ሰው፣ «እከሳችኋለሁ» ብሎ ከጎናቸው ስለቆመ ነው። ሕግና ጉልበት አስፈልጓል።

እኔም ራሴ ወጣት ሳለሁ በአንድ ተቋም ፈተና አልፌ፣ ስሜ ተለጥፎ፣ በማግስቱ ዝርዝሩ ተቀይሮ አይቻለሁ። ያኔ ማንም መጥቶ ስለ ጆን ሮቢንሰን ቢነግረኝ አልሰማውም ነበር። የምፈልገው «ለምን?» ብሎ አብሮኝ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ስለዚህ ወንድሜ የካዛንቺስ ልጅ፣ የእህትህን ልጅ ከመምከርህ በፊት ውጤቱን በትክክል አይተውለት እንደሆነ አጣራለት።


የካዛንቺስ ልጅ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:50

ፍትሕ፣ ልክ ነህ። ተቀብያለሁ። ውጤቱን ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የወደቀው በዓይን ምርመራ ነው። መነጽር ያስፈልገዋል። እሱ የማይነግረን ይህንን ነበር። በማንም አይፈረድም።

የክሱን ነገር አላውቅም ነበር። መጥረጊያውንም ክሱንም አብሬ እነግረዋለሁ።


ሻምበል ባሻ (ጡረታ) · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ሰፈር፣ በቴክኒሻንነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስልክ ላይ መጻፍ ስለማይሆንልኝ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ክራችሁን አንብባልኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

ርዕሱ ላይ «አብራሪ ከመሆኑ በፊት መካኒክ ነበር» ብላችኋል። ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ግን ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። እኔ ልንገራችሁ።

ሮቢንሰን በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የተሰጠው አየር ኃይል ምን ነበር? አውሮፕላኑ ሁሉ ተደምሮ 25 አይሞላም። ከዚያ ውስጥ የሚነሳው ጥቂቱ ነው። የተለያየ አገር ሥሪት ነው። ፖቴዙ ፈረንሳይ፣ የእንጨት አጥንትና የሸራ ቆዳ ያለው ባለ ድርብ ክንፍ። ጁንከርሱ ጀርመን፣ ቆርቆሮ የለበሰ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። በዚያ ላይ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ታግዷል። መትረየስ የጫነ የጠላት አውሮፕላን እያለ የእኛዎቹ ከሞላ ጎደል ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

አሁን አስቡት። እዚህ አየር ኃይል ላይ ጎበዝ አብራሪ ብቻ የሆነ ሰው ብትልኩ ምን ይሠራል? አውሮፕላኑ ካልተነሳ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ሮቢንሰን ግን ካፖርቱን አውልቆ ሞተር ውስጥ የሚገባ ሰው ነበር። ከርቲስ ራይት የተማረው ዋና ትምህርት ጥገና ነው። አንዱን ፈትቶ ለሌላው መግጠም የሚችል ሰው ነው ለእኛ የመጣልን።

ሌላም አለ። ቺካጎ ከባሕር ጠለል 180 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር አነሰ ማለት ጉልበቱ ቀነሰ ማለት ነው። ክንፉም የሚይዘው አየር አነሰ። ስለዚህ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ትፈልጋለህ። ነዳጁን ካላሳሳኸው ሞተሩ ይታፈናል፤ ሻማው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ይንተባተባል። ከሞተር ጋር ያላደገ አብራሪ «ሞተሩ ተበላሽቷል» ይላል። መካኒክ የነበረ ሰው ግን በጆሮው ሰምቶ ምን እንደጎደለ ያውቃል።

እኛ ዘንድ ሐረር ሜዳ ዕጩ መኮንኖች ሲመጡ እናያቸዋለን። በእኔ ዘመን በሳፊር ይጀምራሉ። የስዊድን አውሮፕላን ናት፣ ለተማሪ ገር ናት። ከዚያ ቲ-28፣ ከዚያ ጄት፣ ቲ-33። ያለፈው ደግሞ ተዋጊዎቹ ኤፍ-86 ወይም ኤፍ-5 ላይ ይወጣል። ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም ጎበዝ ናቸው። እኔ ግን የምለያቸው በአንድ ነገር ነበር። አንዳንዱ መጥቶ ቅጹ ላይ ፈርሞ ይወጣል። አንዳንዱ አውሮፕላኑን ዞሮ ይነካዋል። ጎማውን፣ የክንፉን ጠርዝ፣ ከነዳጁ ጠብታ አውጥቶ ውኃ እንዳለበት ያያል። «ባሻ፣ ትናንት ምን ቀየራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህኛው እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ለእሱ ክንፉን ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ልጁን «ብሎን ማጥበቅ» አትበል በሉልኝ። አብራሪው ነፍሱን የሚያንጠለጥለው በዚያ ብሎን ላይ ነው።


አቢቲ_77 · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:48

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይህን ለልጄ አነበብኩለት።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጃንሆይ ስለ ሮቢንሰን እንዴት ሰሙ?


መዝገብ ቤት · ሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

በዶክተር መላኩ በያን በኩል ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው። ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ጉዳይ ያሰባሰበው እሱ ነው። ሮቢንሰን ቺካጎ ስብሰባ ላይ «እኔ ሄጄ እዋጋለሁ» ማለቱን የጥቁሮች ጋዜጦች የዜና ድርጅት ኃላፊ የነበረው ክሎድ ባርኔት አሳወቀ። ከዚያ ዶክተር መላኩ አገኘው።

ከመምጣቱ በፊት ያደረገውን አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። እ.ኤ.አ. በ1934 ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተስኪጊ የሚገናኙበት 10ኛ ዓመት ነበር። በአውቶቡስ አልሄደም። ከኮፊና ከግሮቨር ናሽ ጋር በሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ከቺካጎ ተነሱ። አላባማ፣ ዲኬተር ላይ አንዷ ስትነሳ ተሰበረች። ሮቢንሰን በቀረችው ትንሿ ብቻውን ቀጥሎ ተስኪጊ አረፈ። የሄደው ለግብዣ አልነበረም። «የበረራ ትምህርት ክፈቱ» ሊላቸው ነው። ያኔ አቅም አልነበራቸውም። ዘሩ ግን ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ1941 ተስኪጊ የጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 የመጀመሪያዎቹ 5 ሰዎች የአብራሪነት ክንፋቸውን ለበሱ። ከ13 ጀማሪዎች ነው አምስቱ የቀሩት።


ሰናይ ከሚኒሶታ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

ከአምስቱ አንዱ ቤንጃሚን ኦ. ዴቪስ ጁኒየር ነው። የእሱን አስተዳደግ ከሮቢንሰን ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ነው የሚገርመኝ።

ዴቪስ የመኮንን ልጅ ነው። አባቱ ኋላ የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆኗል። በ13 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ ዋሽንግተን አጠገብ በአንድ የትርኢት አብራሪ አውሮፕላን ተሳፍሮ ነው በፍቅሩ የወደቀው። ወለል አልጠረገም። ዌስት ፖይንት ገባ፤ የአገሪቱ ትልቁ የጦር ትምህርት ቤት።

ግን እዚያ ምን አደረጉበት? 4 ዓመት ሙሉ ማንም አላናገረውም። ለሥራ ካልሆነ በስተቀር አንድ ቃል አይወጣም። ብቻውን ይተኛል፣ ብቻውን ይበላል። በዝምታው ሊያስለቅቀው ያሰበ ሁሉ ተስፋ ቆረጠ፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1936 ከ276 ሰዎች 35ኛ ሆኖ ተመረቀ። ከመመረቁ በፊት ለአየር ኮር (ለጦሩ የአየር ክፍል) አመልክቶ ነበር። «የጥቁሮች የአየር ክፍል የለም» ብለው መለሱት። እግረኛ ተመደበ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1936 ላይ ሮቢንሰን ከእኛ ጦር ሜዳ ወጥቶ አሜሪካ ገብቷል። በመርዝ ጋዝ የተጎዳ፣ የቆሰለ። ቺካጎ ላይ ሕዝብ በሺዎች ወጥቶ ተቀበለው። በሚቀጥለው ወር ዴቪስ ተመረቀ። አገሪቱ «ጥቁር ማብረር አይችልም» እያለች አንድ ጥቁር ሰው የአንድ ነፃ አገር አየር ኃይል አዝዞ ተመልሷል። ጋዜጦች፣ ሕዝቡ፣ ሁሉም አይተውታል። ዴቪስ ኋላ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ በሩን ከኋላ የገፋው ማን ነው ብትሉኝ፣ የእኛን ሰማይ የበረረው ሰው ነው እላለሁ።


ሕይወት ከቺካጎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰናይ፣ ይህንን እንዲህ አያይዤ አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ።

ስለ ሴቶች አንድ ላክል። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በረራ መማር የጀመረች ወጣት ነበረች፤ ሙሉእመቤት እምሩ። ስሟ ከጆን ሮቢንሰን ስም ጋር ቢነሳ ደስ ይለኛል። የአገራችን ሴት ልጆች ይህን ይወቁት።


ፍትሕ ይቅደም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሻምበል ባሻ፣ ጠዋት የጻፍኩትን አልቀይርም። በር የዘጋ ሰው ይጠየቅ። ግን እርስዎ ያሉት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልለየሁትም ነበር። መጥረጊያው ግፍ ነው። መካኒክነቱ ግን ግፍ አይደለም፣ ሙያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ተቆጥቼ ነበር።

ጥያቄ አለኝ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋን ሲደበድብ ሮቢንሰን አድዋ ነበር ይባላል። እውነት ነው?


ሻምበል ባሻ (ጡረታ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

እውነት ነው ልጄ። መልእክት ይዞ ሄዶ ነበር። ቦምብ ሲወርድ በዓይኑ አየ። ሥራውም እንዲህ ነበር፤ መልእክት ማድረስ፣ መድኃኒት ማድረስ፣ ጃንሆይን ወደ ግንባር ማድረስ። ከጠላት አውሮፕላን የሚያመልጠው ተራራ ለተራራ፣ ደመና ለደመና እየተሹለከለከ ነው። ስንት ጊዜ ክንፉ ተበስቶ ተመልሷል። ሸራ ክንፍ ደግሞ ይጠገናል። በመርፌና በክር ትሰፋዋለህ፤ ጨርቅ ትለጥፍበታለህ፤ ቀለሙን ትቀባዋለህ፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እንደገና ይበራል። ሮቢንሰን ያንን የሚያውቀው ቺካጎ ላይ በገዛ እጁ አውሮፕላን ስለገጠመ ነው።

አሟሟቱንም ልንገራችሁ፤ እሱም ከዚሁ ይያያዛል። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ለሆስፒታል ደም ይዞ ሲበር ወደቀ። መጋቢት 18 አረፈ። አዲስ አበባ ተቀበረ። ነፍሱን ይማር። በዚያ ሰዓት ያሠለጠናቸው ልጆች ሌሎችን ያሠለጥኑ ነበር። እኔን ያስተማረኝ ሰው የተማረው ከሮቢንሰን ተማሪዎች ነው። ቁልፍ ስይዝ «እጅህን ሳይሆን ጆሮህን አስቀድም» ይለኝ ነበር።


ዮኒ_12 · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ሰላም። የእህቱ ልጅ እኔ ነኝ። ጋሼ ሊንኩን ላከልኝ። ሌሊት ሁሉንም አነበብኩት።

ለሻምበል ባሻ ጥያቄ ነበረኝ። መነጽር ያለው ሰው ጥሩ ቴክኒሻን መሆን ይችላል? ደግሞ ሞተርን በጆሮ መስማት የሚሉት እንዴት ነው የሚለመደው? መጀመሪያ ምንድን ነው የሚሰማው?


ሻምበል ባሻ (ጡረታ) · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:35

ዮናስ ልጄ፣ መጣህ? እሰይ።

መነጽር ምንም አያግድህም። እኔ ከ35 ዓመቴ ጀምሮ በመነጽር ነው የሠራሁት።

ስለ ጆሮው ልንገርህ። የፒስተን ሞተር ሁለት ማግኔቶ አለው። እሳቱን ለሻማዎቹ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያኖርህ ነው። ከመነሳትህ በፊት አንዱን ታጠፋና ትሰማለህ። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዙር ቆጣሪውም ጥቂት ይወርዳል። ትመልሰዋለህ። ሁለተኛውን ታጠፋለህ፤ እንደገና ትንሽ ዝቅ ይላል። እኩል ከወረዱ ደህና ነው። አንዱ ላይ ከተንቀጠቀጠ ሻማ ቆሽሿል። ጭራሽ ካልወረደ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ አጥፍቼዋለሁ ያልከው ማግኔቶ አልጠፋም ማለት ነው። ቆሞ ያለ አውሮፕላን ፕሮፔለሩን ብትነካው ሊነሳና እጅህን ሊወስድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

እና መጀመሪያ የሚሰማው ይሄ ነው፤ ዝቅ ማለቱ። አንድ መቶ ጊዜ ትሰማለህ፣ ምንም አይለይህም። በመቶ አንደኛው ይለይሃል።

ትምህርት ስትጀምር ሦስት ነገር ያዝ። ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ ኪስ የምትገባ ባትሪ። የፈታኸውን ብሎን በተራ ጻፈው። የፈታኸው ቆጥረህ፣ የገጠምከውም ቆጥረህ። ደብረ ዘይት ከመጣህ ቤቴ ክፍት ነው፤ የልጅ ልጄ አድራሻውን በውስጥ ትልክልሃለች።


ዮኒ_12 · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:50

እሺ ሻምበል ባሻ። በጣም አመሰግናለሁ። ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ልምጣ?


ሻምበል ባሻ (ጡረታ) · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:02

ና። ከሰዓት በፊት ና፤ ብርሃን እያለ የማሳይህ አሮጌ ካርቡሬተር አለኝ።


የካዛንቺስ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ባትሪውን እኔ እገዛለታለሁ።

እህቴ አሁን ደውላ ነበር። ምሳውን በልቷል።